ያላለቀው የጓሳ ሣር ጥናትህ

ታምሬ፣ ባለቤቴ፣ የልጄ አባት፤

ሙት ዓመትህን ካወጣን ሁለት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይቀልልሻል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ከቀብርህ ቀን ይልቅ ዛሬ ደክሞኛል። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ፈተና አርማለሁ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ወጥ መሥራት እስካሁን አልለመድኩም። ልጃችን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ስትደውል ሁለታችንም አንተን ላለማንሳት እንጠነቀቃለን። ጋቢህን ደርቤ ነው የምጽፍልህ፤ የመሐል ሜዳ ብርድ እንደሆነ አልተሻሻለም።

የድርጅት አስተዳደር መምህር ሆነህ ሣር ላጥና ስትል ባልደረቦችህ እንዴት እንደሳቁብህ ታስታውሳለህ? ለእነሱ ድርጅት ማለት ማኅተምና ሥራ አስኪያጅ ያለው ቢሮ ነው። አንተ ግን አፈሩ እየታጠበ፣ ግጦሹ እየሳሳ ባለበት አገር ለቤት ክዳን የሚሆነውን ጓሳ ለዓመታት ዘግቶ ጠብቆ በአንድ ቀን የሚያጭድ ገበሬ ከማንም በላይ የተደራጀ ነው ትል ነበር። የመጀመሪያው መጠይቅህ ግን ጉድ ሠራህ። ሣሩ በደንብ ተጠብቋል ለሚለውም፣ ሣሩ እየጠፋ ነው ለሚለውም፣ ገበሬዎቹ ሁሉ «በጣም እስማማለሁ» ብለው መለሱልህ። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ነዋ! ወረቀቱን ሳሎን ዘርግተህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ።

ከዚያ መጠየቁን ትተህ አብረሃቸው መዋል ጀመርክ። አጨድክ፣ ለቅሶ ደረስክ፣ ጭቃህን ይዘህ እየገባህ ቤቴን አበላሸኸው። የጻፍኩትን ከመታተሙ በፊት አነብላችኋለሁ ብለህ ቃል ገባህላቸው። አልደረስክም።

የትምህርት ክፍልህ ለመታሰቢያህ እንዳለ እናትመው ሲለኝ፣ እሺ ብዬ ልገላገል ምንም አልቀረኝም ነበር። ቃልህ አስጨነቀኝና ባለፈው እሑድ ገበሬዎቹ መንደር ሄጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽድ ዛፉ ሥር አነበብኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ያው እስማማለሁ ነው። «ሣሩ ሲከፈት ሁሉም ቤት እኩል ይደርሰዋል» ከሚለው ስደርስ ግን፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ባልቴት፣ እትዬ አስካለ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና በዚህ አልስማማም አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አጫጅ ስለሌላቸው ያ ቀን እያዩት ያልፋል፤ የጎጆአቸው ክዳን ያፈሳል። ስለ ሣሩ የሚመከርበት ስብሰባ የአባወራ ብቻ ስለሆነ የጠየቃቸው የለም። አንተም አልጠየቅሃቸውም፣ ታምሬ። እኔም ባሌ ባይሞት ኖሮ ልብ የምለው አይመስለኝም።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ግን ባል ለሞተባት ቤት ማን እንደሚያጭድ ሊመክሩ ቀጠሮ ይዘው ተለያዩ። ይፈጽሙት አይፈጽሙት እንጃ።

ለትምህርት ክፍልህ ገና ነው ብያለሁ። ያችን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ የእትዬ አስካለን ቃል ሳላስገባ አላስረክብም። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አልስማማም እንዲልህ ስትጠብቅ ኖረህ፣ ሲገኝ አለመኖርህ ነው ያስለቀሰኝ።

ሐውልት አላቆምልህም፣ አቅሙም የለኝም። ሣሩ በተከፈተ ቁጥር ማጭድህን ይዤ ለእትዬ አስካለ አጭዳለሁ። እጄ ለማጭድ እንደማይሆን ታውቃለህ። ቢሆንም እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እዚያ ነው።

ባለቤትህ