ተመስገን ያልንበት ኪኒን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬ የጤና ጣቢያ ቀን። ከጽጌማርያም ጋር ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ተጋፍተን ሄድን። ጎረቤቴ ናት፣ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። የአዲሱ የደም ግፊት ኪኒን ጥናት ውስጥም በነሐሴ አብረን ነው የገባነው። ኪኒኑ በነጻ፣ ምርመራው በነጻ... ማን እምቢ ይላል?

ሲስተር ኤልዳና ግፊታችንን ለካች። ወርዷል።
«እንዴት ነዎት እትዬ የኔነሽ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»
«እርስዎስ እትዬ ጽጌ?»
«ተመስገን ልጄ። አንቺስ? እናትሽስ?»
አለቀ። ተመለስን። በርበሬ ላስፈጭ ብሄድ መብራት የለም ተባልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ጽጌ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዞረባትና ተቀመጠች። ጀሪካኑ ተንከባለለ። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» አለች። ዛሬ ነው የጀመረሽ? ብላት ጀሪካኑን ማንሳት ያዘች። ኋላ ቤት ገብተን እግሯን ገለጠችልኝ። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከመስቀል ወዲህ።»
እና ማክሰኞ ዕለት ተመስገን ያለችው ማን ናት?
«ለሲስተር ብትነግሪ ያስወጡኛል። ራስ ምታቴ ገና አሁን ለቆኝ! እግር እንደሆነ ያብጣል፣ ይጎድላል። በሚካኤል ይዤሻለሁ።»
እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
የኪኒኑ ኩባንያ ምሳ ጋበዘን። ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ ቀዳማዊ ይባላል፣ ማይክ ይዞ «እስካሁን ከእናቶቻችን አንድም ቅሬታ አልመጣም!» አለ። ጭብጨባ። ጽጌም አጨበጨበች... ጠረጴዛው ስር እግሯ ከጫማው ወጥቶ። ስንነሳ ጫማው አልገባ አላት፣ ተረከዙን ረግጣ ወጣች።

ጃንጥላ ሰጡን፣ የኪኒኑ ስም ያለበት። ዝናቡ ካለፈ በኋላ! እዚያው ሳቅን።

ግን ልቤ አላረፈም። ኪኒኑን የሚሸጠው እሱ፣ ጥናቱን የሚያስጠናው እሱ፣ ደህና ናቸው የሚለውም እሱ። ጠላዬ ኮምጥጧል ብላ የምትሸጥ ሴት እኔ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብናገር መሐላ። ባልናገር ደግሞ... በሚካኤል የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል?

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሚካኤል። ጽጌ ደጁን ተሳልማ ስትነሳ ወደቀች። ግንባሯ ደረጃው ላይ። ደግፈን ቤቷ አስገባናት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እንዴት ሆንሽ?» ይላል። እሷ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ደሙ ነጠላዋን እያራሰው!

ሚካኤል በገዛ ደጁ፣ እኔ እያየሁ... ከመሐላው ፈትቼሻለሁ ማለቱ ነው? ወይስ እንዲህ ማሰብ የፈለግሁት እኔ ነኝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ነገርኩ። ለሲስተር ኤልዳና፣ አንድም ሳላስቀር።
ኤልዳና ተቆጣች። «ስጠይቃችሁ ደህና ነን ትሉኛላችሁ! እኔም ቅሬታ የለም ብዬ እጽፋለሁ!»
«ልጄ፣ እንዴት ነሽ ሲሏት እግሬ አብጧል የምትል ሴት የት አለች? አንቺስ እናትሽ ስትደውል ምን ትያለሽ?»
ብዕሯን አስቀመጠች። «እስቲ ካልሲዎን ያውልቁ» አለችኝ። እኔን!
«እኔማ ደህ...»
አልጨረስኩትም። የካልሲው ላስቲክ ያረፈበት እንደ ቦይ ጎድጉዷል። አምላኬ! የእሷን እግር ስጠብቅ የራሴን ሳላየው።

ወረፋ የያዙትንም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እንዴት ነዎት ቀረ። «እግርዎን ያሳዩኝ። ዞሮብዎት ያውቃል?» ስንቷ ሴት ካልሲዋን አወለቀች!

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ጽጌን ከጥናቱ አስወጧት። የድሮውን ኪኒን በጤና መድኅኗ ሰጧት። እኔንም አቁሚ ብለውኛል። ጽጌ «በሚካኤል ይዤሽ!» አለችኝ፣ በሯን ዘጋች። ቃሪያ ብልክላት መለሰችው። እኛ ተኳርፈን እናውቃለን?

ያ ቀዳማዊ ጤና ጣቢያ መጥቶ «ዕድሜና ጨው ነው» ብሏል አሉ። ኤልዳና ደግሞ «ያየሁትን ጥናቱን ለሚቆጣጠሩት ልኬያለሁ» ብላዋለች። ምን ያደርጓት ይሆን? እኔ ነኝ እዚህ ውስጥ የከተትኳት...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27
ጥናቱ እስኪጣራ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ኤልዳና ሥራዋ ላይ ናት፣ ሄጄ አይቻት መጣሁ።

ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ጽጌም ከአጥሩ ወዲያ ታሰጣለች። አፌ አመለጠኝ፣ «እንዴት አደርሽ?» አልኳት።
ፊቷን ሳታዞር ማስጣቷን ቀጠለች። ልገባ ስል፦
«ማዞሩ ትቶኛል። ጫማዬም ገባልኝ። ራስ ምታቴ ግን ትንሽ ተመልሷል። ባንቺ የተናደድኩት ደግሞ ገና አልወጣልኝም።»
ተመስገን አላለችም! ስንት ዓመት ተጎራብተን፣ እንዴት እንዳደረች ስትነግረኝ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።
«አንቺስ?» አለችኝ።
ደህና ልል ነበር... «እግሬ ጎድሏል። እንቅልፍ ግን የለኝም፣ አኩርፈሽኝ።»
«ይበልሽ!»
ከዚያ እጇን በአጥሩ ላይ ዘረጋች።
«መቆንጠጫ ትርፍ አለሽ?»