ሽማግሌ ወደ ካምፕ

ሰኞ፣ የካቲት 7

ለደረጀ ተፈቀደለት፣ ለእኔ ተከለከለ። ከተጋባን ሦስት ሳምንታችን ነው። ሁለታችንም የሬዲዮ ጥገና ሠልጣኞች ነን። ከካምፕ ውጭ አብረን ለመኖር ማመልከቻችንን በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ጽፈን ነው ያስገባነው። ሻለቃው ለእሱ «ባለትዳር ስለሆነ ውጭ ይኑር» ብሎ ፈረመለት። የእኔን መለሰው፤ እንደገና ጽፌ ባስገባም መለሰው። «ባልሽን ቀን ቀን እዚሁ ታገኚው የለ? የሴት ሠልጣኝ ማደሪያ እዚህ ነው» አለኝ።

ታዲያ ደረጀ ትዳር የያዘው ከማን ጋር ነው? ልለው ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። 

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ደረጀ ሻንጣውን ይዞ ካዛንቺስ ገባ። የተከራየነው ክፍል እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ለሠርጋችን የተሰጠን ብርድ ልብስ ገና ከነፌስታሉ። «ካልገባሁበት ፈቃዱን ይሰርዙብኛል» ይላል። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ከሃያ ሴት ጋር አድራለሁ፣ ባሌ ብቻውን ባለትዳር ሆኗል።

ሦስተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። የጋብቻ ወረቀት ኮፒ፣ የኪራይ ውል ኮፒ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰልፍ እንደማልቀር። የሻለቃው ጸሐፊ ሳታየው ፋይል ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

እትዬ አስካለ ደረጀን «ሙሽራዋስ?» ብለው ሲጠይቁት ነገሩን ነግሯቸዋል። «ልጅቷን አንሰጥም ካሉማ ሽማግሌ ይላካላ!» አሉት አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምራቸውን ነው፤ የዕድሩን ዳኛና ሁለት ጎረቤት አዛውንት አሰናድተዋል።

«አንዴ ተድሬያለሁ እኮ! እንዴት እሺ ትላለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ማለቴ... በቃ፣ ብንሞክረው ምን እናጣለን?»

ምን እናጣለን! ክብሬን ነዋ። ግን አይላኩ አላልኩም። መጻፉ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ናፍቆኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በመስኮት አይቻቸው የምገባበት ጠፋኝ። የሆነውን ጸሐፊዋ ነገረችኝ። ሻለቃው ወንበር ሲያቀርብ «ጉዳያችን ሳይሰምር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔን በሁለት ቃል የሚያሰናብተኝ ሰውዬ ብድግ ብሎ «አባቶቼ፣ ኧረ ተቀመጡ» እያለ ይለምናቸው ጀመር። የዕድሩ ዳኛ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉት። እሱም ልክ እንደ ሙሽራ አባት «ከቤተሰብ ልምከርና ሰኞ ተመለሱ» አይል መሰላችሁ! ቤተሰብ የተባለው ምክትሉ ነው።

ሠልጣኙ ሁሉ «ሙሽሪት» ሲለኝ ዋለ። አንዱን በቦት ጫማዬ ልለው ለጥቂት ተረፈ።

ሰኞ፣ የካቲት 14

ተፈቀደ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ መረቁ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ወረቀቱ «በተላኩት ሽማግሌዎች ጥያቄ መሠረት ከባለቤቷ ጋር እንድትኖር ተፈቅዷል» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቱ ማመልከቻዎቼስ? ወታደር ነኝ። ስሜን ጽፌ ስጠይቅ ደንብ አይፈቅድም፤ ሽማግሌ ሲጠይቅ ደንቡ የት ገባ?

«ሻለቃ፣ በእኔ ማመልከቻ ላይ ይፈርሙልኝ» አልኩ። 

«ተፈቅዶልሽ የለም እንዴ?»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሻለቃው ፋይሉን አስመጥቶ ማመልከቻዬን አነበበ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ገና ዛሬ። «በዚህ ከፈረምኩ ነገ ሌሎቹም ሴቶች ይመጣሉ» አለ።

«ይምጡ» አልኩት።

ፋይሉን ዘግቶ «ሐሙስ ነይ» አለኝ። የሽማግሌዎቹን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ደረጀ ሻንጣዬን ሊሸከምልኝ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ አስካለን ምን ልበላቸው?» አለ።  ብቻውን ታክሲ ያዘ።

ልክ ነው የሠራሁት። ሐሙስ ግን ሩቅ ነው።