የማይበላ አተር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1964

ሞቀ። እንደ ትናንቱ። ልጄ ክፍሌ ከነዳጅ ማጣሪያው ገብቶ በላ፣ ተኛ። ጃቢር፣ የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ በየቀኑ የሆነውን ጻፉ ይላል። እዚህ አሰብ ምን ይሆንና ነው የሚጻፈው? ሞቀ ብሎ መጨረስ ነው።

ዛሬ ግን ፖስታ መጣ። ከልጄ ከዘውድነሽ፣ ከአስመራ። ስምንት ዓመት ሙሉ ለወንድሟ ለክፍሌ ስትጽፍ ኖራ ለእኔ የመጀመሪያዋ ነው። እናታችን ማንበብ ቻለች ብሎ አሳብቆ መሆን አለበት። ላንብብልሽ ወይ አለኝ ደግሞ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ዓይኔ እስኪፈስ ፊደል የቆጠርኩት አንተ ልታነብልኝ ነው?

ፖስታው ውስጥ አተር። ኮስማና፣ ጥቁር፣ ሃያ ሦስት ፍሬ። የአስመራ አተርም ከሳ እንዴ ብዬ ለነገ ወጥ ላስቀምጠው ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ አነበብኩ።

«እማዬ፣ ሽታው የሚያውድ የአበባ አተር ነው። እንዳትበይው፣ መርዝ አለው።»

ስምንት ዓመት አስባ አስባ መርዝ ላከችልኝ።

በምላጭ ጫር አድርጊው፣ ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ ከዚያ ትከይው ትላለች። «ካበበልሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ እመጣለሁ። ካልጻፍሽልኝ እንዳልመጣ እንደፈለግሽ ይገባኛል።» ወረቀቱ ጀርባውም ተጽፎበታል። አላነበብኩትም። ለዛሬ ይበቃኛል።

ለበዛብህ ልንድራት ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታርዶ፣ ዳሱ ተጥሎ... በዋዜማው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሄደች። የበላውም ያልበላውም ሳቀብን። አባቷ ከዚያ በኋላ ገበያ ሳይወጣ ሞተ። አሁን አበባ ትከይ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

እተክለዋለሁ። አሰብ ላይ አተር! ግመል እንኳ ጥላ የሚፈልግበት አገር። ሲደርቅ ክፍሌ ምስክር ይሆነኛል። ሞከርኩ፣ እምቢ አለ እላለሁ። መስመርም አልጽፍ፣ ነገሩም አለቀ።

ቢሆንም ሊሞት ነው ተብሎ ዘር ጨው ላይ አይጣልም። የገበሬ ልጅ ነኝ። ከጎረቤታችን ከሐስና የፍየል በረት ሁለት ጣሳ ፍግ አመጣሁ። ከኩሽናው ጀርባ ቆፈርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 5

በቀለ። አሥራ አራቱ። ምን ዓይነት እልኸኛ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 19

የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ የቅጠሉን ጫፍ አቃጠለው። ደህና ውሃ ያለው አንድ ቦታ ነው... ከኤርኮንዲሽኑ የሚንጠባጠበው። ጣሳ ደቀንኩበት። ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አንድ ጣሳ ተኩል ይሞላል። ስለዚህ አላጠፋውም። ብርዱ ሌላ ነገር ሆነ። ክፍሌ ጋቢ ተከናንቦ ራት በላ። አሰብ ላይ ጋቢ የለበሰ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ አልኩት። እማዬ፣ ይደርቃል ብለሽ አልነበር ወይ አለኝ። ይደርቃል። በጥማት ግን አይደለም። በጥማት ቢሞት ጥፋቱ የእኔ ይሆናላ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 21

ሽቅብ ሄደ። የሚይዘው ሲያጣ እርስ በርሱ ይጠማዘዛል። ሐስና አየችና ሳቀች። ወንድሟ ዒድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ያረጀ መረቡን አመጣችልኝ። ግድግዳው ላይ ቸነከርነው። ዓሣ የያዘ መረብ አተር ያዘ።

ቅዳሜ፣ ጥር 13

አበበ።

አንዱ ወይን ጠጅ፣ ሁለቱ ነጭ። ሽታው... ምን ብዬ ልጻፈው? አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ሰው አላየኝም።

ክፍሌ ደብዳቤውን መቼ ነው የምትጽፊው አለኝ። በሦስት አበባ አበበ አይባልም አልኩት።

ሰኞ፣ ጥር 22

አሁን ግድግዳው ሙሉ ነው። ክፍሌ ወረቀትና ብዕር ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

ሐስና የእኅቷን ልጅ የማሪያን ሠርግ ልትነግረኝ መጣች። ለሙሽራዋ ፀጉር እፍኝ አበባ ስጪኝ አለች። አልሰጥም አልኳት። እሸት የሚይዝ አበባ አይቀጠፍም፣ ነውር ነው። የማይበላውን እሸት ምን ልታደርጊው ነው አለችኝ። ቅር ብሏት ወጣች። በር ላይ ዞር ብላ፣ «እናንተ ደገኞች ካልበላችሁት አበባ መሆኑንም አታምኑም» አለችኝ።

መረቡን እኮ የሰጠችኝ እሷ ናት...

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

እሸት ያዘ! ጠጉራም ነው ግን ሙሉ። ሠላሳ ስድስት ቆጠርኩ። አገሬ ተጉለት እንኳ በዚህ ዓመት እንዲህ መያዙን እንጃ። አበባው ትንሽ ቀነሰ።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

አንድም አበባ የለም። ሥሩ አካባቢ ቢጫ ሆኗል። ውሃ ጨመርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፣ ምንም።

በቃ። እንዳልኩት ሆነ። ደረቀ፣ መስመርም አልጻፍኩም፣ አትመጣም። ደስ ሊለኝ ይገባል። ታዲያ ጣሳውን ዛሬም ለምን ደቀንኩ?

የወረቀቱን ጀርባ አወጣሁ። ለማንበብ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብኝ።

«አበባውን በየቀኑ ቁረጪው እማዬ። በቆረጥሽው ቁጥር ይጨምራል። እሸት ከያዘ ግን ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ማበቡን ይተዋል። እንደማትቆርጪው አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ የአተር አበባ እፍኝ ሙሉ ቀጥፌ ባመጣ በጥፊ መታሽኝ። የሰው እህል አጠፋሽ አልሽኝ። ለአንቺ ነበር የቀጠፍኩት።»

ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

...አውቅ ነበር። እጇን ዘርግታ ነበር። እዚህ ማንም አያነበው፣ ምን ያስዋሸኛል?

ዓርብ፣ የካቲት 10

መቀስ ይዤ ወጣሁ። ሠላሳ ስድስቱንም ቆረጥኩ። ሙሉ እሸት፣ አፈር ላይ። እናቴ ብታየኝ አበደች ትለኝ ነበር። መጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ አስጨነቁኝ፣ ከዚያ በኋላ እጄ ለመደ። ክፉ ነገር ቶሎ ይለመዳል ይሉ የለ... ይህ ግን ክፉ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 22

አራት አበባ ወጣ። ቀጫጫ ነው። ሳላመነታ ቆርጬ ለሐስና ወሰድኩላት። ሠርጉ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ አለች። ለሙሽራዋ ሳይሆን ላንቺ ነው አልኳት። አሸተተችው። ራሷ ላይ ሰካችና ድስቷን ማማሰል ቀጠለች።

ደብዳቤ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ በዛብህ፣ በሬው፣ ዳሱ፣ አባትሽ። ደግሜ ሳነበው እውነት ነው፣ አንድም ውሸት የለበትም። ቀደድኩት። ማንም ሰው እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አንብቦ አውሮፕላን አይሳፈርም።

ሐሙስ፣ የካቲት 23

«አበበ። ቆረጥኩት። ነይ።»

ይኸው ነው። ይህን ለመጻፍ ነው ለካ ዓመት ሙሉ የተማርኩት። ክፍሌ ፖስታ ቤት ወሰደው። ሲሮጥ አየሁት፣ የሠላሳ ዓመት ሰው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 27

ባለፈው ረቡዕ መጣች። ክፍሌ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዟት ገባ። ወፍራለች። አሁን እኔን ትመስላለች፣ ምስኪን። ሾፌሩ ባሏ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል አለችኝ። ሰላምታውን ዋጥ አደረግሁት።

ከመምጣቷ በፊት የመጋቢት ፀሐይ አተሩን ጨርሶታል። መረቡ ላይ ጭድ ብቻ ቀርቷል። አብቦ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ጠጋ ብላ ግንዱ ላይ የተቆረጠበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች።

«የመቀስ ነው» አለች።

«የመቀስ ነው» አልኩ።

ተያይዘን ወደ ቤት ገባን።

ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ ጠብ ነው። ብርጭቆ አጠባዬን አትወደውም። በሰሙነ ሕማማት ይህን ያህል ድምፅ ከፍ አይደረግም ብላት ድምፅ የጀመርሽው አንቺ ነሽ ትላለች። ትናንት የሠርጉን ነገር አነሳሁ። አልቻልኩም፣ አፌ ላይ ነበር። አፍራ ዝም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «በዛብህን ያን ያህል ከወደድሽው አንቺ አታገቢውም ነበር?» አለችኝ። ክፍሌ ትን አለው። እኔ ልቆጣ ተነሳሁና... ሳቅሁ። ስምንት ዓመት ያጠነከርኩት ነገር በሳቅ ሄደ።

መመለሻዋ ለነገ ነበር። ባሌ ለበዓሉ ይጠብቀኛል ብላ ዛሬ ሻንጣዋን ስትሸክፍ አየሁ። ጠቡ መች አለቀና ነው የምትሄጅው አልኳት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች።

«የስምንት ዓመት ጠብ ነው» አልኳት። «በሳምንት አያልቅም። ፋሲካን እዚሁ ዋዪ፣ ከዚያ እናያለን። እሱም ከፈለገ ይምጣ። መኪና አለው አይደል?»

ሻንጣዋን መልሳ ፈታች። ክፍሌ ቲኬቷን ሊያስለውጥ ሄዷል። እሷ ኩሽና ገብታ ያጠብኳቸውን ብርጭቆዎች እንደገና እያጠበች ነው።