ሱንጉ የመረጠው ቢጫ ሞተር

በኦሳካ ለምትኖሪው ለውድ እኅቴ ለእትዬ ሚኦክ ይድረስ፤

ከተለያየን ወዲህ ጤናሽ እንደምን ነው? ያ የትከሻሽ ውጋትስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ኬንጂ ሥራው እንዴት ይዞታል? አማትሽስ፣ ሳሉ ጋብ አለላቸው ወይ? ሀሩካስ ፈተናዋን አለፈች? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። እማም ደኅና ናት፤ ደኅንነት እህል መቅመስና መተኛት ከሆነ ማለቴ ነው። መንደሪናችንን አውሎ ነፋሱ ገና አረንጓዴ ሳለ አራገፈው፤ ዘንድሮ ከግቢያችን የምልክልሽ የለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «የሱንጉ ታላቅ አንተ ሆነህ ሳለ እንዴት ዝም ብለህ አየኸው?» ያልሽው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ሰነበተ። በስልክ ብንነጋገር ተላቅሰን ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ከሥሩ ጽፌ ልንገርሽ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጪኝ።

ባለፈው ሚያዝያ የወደባችን የነፍስ አድን ጠላቂዎች ማኅበር የውኃ ውስጥ ሞተር ሊገዛ ተነሣ። ጠላቂው በሁለት እጁ ይዞ ቃታውን ሲስበው ከፊት ከፊት እየመራ የሚጎትት፣ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የማይበልጥ ነገር ነው። ሻጩ ከቡሳን ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ጥቁር። ሊቀ መንበሩ አቶ ቡ ጆንግቾል እኔንና ታናሻችንን ሱንጉን ጠርተው፣ ሁለታችንም ሁለቱን እየነዳን እንድናወዳድርና የተሻለውን ለጉባኤው እንድንነግር አዘዙን።

ከወደቡ ጫፍ ተነሥተን ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ደሴት ሥር ያለውን አለት ዞረን መመለስ ነበር። በቀጥታው መንገድ ቢጫውን የሚያህለው የለም። ክንድ ሊነቅል ይደርሳል። ጥቁሩ ከኋላው ሲታይ የተኛ ይመስል ነበር። አለቱ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥቁሩን በጣት ነካ ካደረግሽው ይታጠፋል፤ ቃታውን ስትለቂው ባለበት ጸጥ ብሎ ይቆማል፣ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም። ቢጫው ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ወራጁ ውኃ ከጎን ሲመታው የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል። ከሁሉም የከፋው፣ ቃታውን ከለቀቅሽው በኋላ ለጥቂት ጊዜ መጎተቱን አይተውም፤ አፍንጫውንም ወደ ላይ ያነሣል። የምንሠራው በጠባብ አለትና በተገለበጠ ጀልባ መካከል ነው። እዚያ ፍጥነት ምን ይሠራል?

ለጉባኤው ይህንኑ ተናገርሁ። ሱንጉ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሣቀ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ሞተር አይደለም የምትነዳው፣ ላም ነው የምታግደው» አለ።

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ተነሥቶ፣ ቢጫው በመታጠፉም ሆነ በመቆሙ አንዳች እንከን እንዳላየበት፣ በሚሰምጥ ሰውና በሞት መካከል ያለው ነገር ፍጥነት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አንደበቱን ታውቂዋለሽ። ደግሞ ጠዋት ቢጫውን ይዞ ከውኃው ሲፈናጠር ወደቡ ላይ የቆመው ሁሉ አጨብጭቦለታል። ቢጫው ተመረጠ፤ ሱንጉም የቡድኑ መሪ ተባለ። መከልከል ማለት ሌላ ምን ነበር፣ እትዬ? እጁን ልሰር?

በመስከረም አውሎ ነፋሱ ባለፈ ማግስት የዓሣ አጥማጁ የአቶ ኦ ጀልባ ከደሴቲቱ ጀርባ ተገልብጣ ሰጠመች። አቶ ኦን የጠረፍ ጠባቂዎች በሕይወት አወጧቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ግን አልተገኘም። እኔና ሱንጉ ወረድን። እሱ በቢጫው ቀደመኝ። ስደርስ ልጁን ከመሪው ክፍል በር አውጥቶ በአንድ እጁ አቅፎት ነበር፤ ልጁ ሞቷል። ሱንጉ በጀልባዋና በአለቱ መካከል ባለችው ቀዳዳ ሊታጠፍ ሲል ወራጁ ከጎን መጣ። ጣቱ ከቃታው ላይ መነሣቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩ ግን አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ከደረቱ ጋር በታሰረው ገመድ ወደ ላይ ይዞት ወጣ። ደረጃ በደረጃ እየቆመ መውጣት የሚገባውን ጥልቀት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ልጁን አልለቀቀውም።

ጀልባችን ላይ ስናወጣው ይናገር ነበር። ወደቡ ሳንደርስ እግሬ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ሆስፒታል፣ በፍጥነት መውጣቱ ደሙ ውስጥ የፈጠረውን የአየር አረፋ ለማሟሟት የግፊት ክፍሉ ውስጥ ደጋግመው አስገቡት፤ ደንዝዞ የነበረው ክንዱ ተመለሰ፣ ከወገቡ በታች ግን እንደ ባዕድ ሰው አካል ሆኖ ቀረ።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። አቶ ቡ ጆንግቾል ሞተሩ ደኅና እንደሆነ፣ ጥፋቱ የነጂው መቸኮል እንደሆነ ተናገሩ። እኔ ተነሥቼ ያየሁትን ሁሉ አስረዳሁ። አላመኑኝም፤ ራሱን እንጠይቀው ተባለና አልጋው ዳር ሄደን ቆምን። ሱንጉ አንድ ጊዜ ዓይኔን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሞተሩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ቃታውን ያልለቀቅሁት» አለ።

እኔ ትክክል ነበርሁ ከሚባል ይልቅ ራሱ ጥፋተኛ መባልን መረጠ። ይህን ለማን እነግራለሁ? ቤት ገብቼ ለእማ ነገርኋት። ዕድሜዋን ሙሉ በትንፋሿ ብቻ ስትጠልቅ የኖረች ሴት፣ የምትለቅመውን የባሕር ሣር ሳትተው ሰማችኝና፣

«ትክክል ነበርህ። እና ትክክል መሆንህ እግር ይሆነዋል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩን በቤታችን የሚያነሣ የለም።

ሌላ ሞተር አልተገዛም። የቡድኑን መሪነትና ቢጫውን ለእኔ ሰጡኝ። ጉዳዩ የሞት የሽረት ነው፣ ሰው ሲሰምጥ እንቢ አይባልም፤ ተቀበልሁ። ባለፈው እሑድ የእማን የባሕር ቀንድ አውጣ ገንፎ ለሱንጉ ይዤለት ሆስፒታል ሄድሁ። ብዙ ጊዜ አያናግረኝም ነበር። ያን ቀን ግን ማንኪያውን አስቀመጠና ቢጫውን አሁን ማን እንደያዘው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልሁት።

«ጋሼ፣ ከመታጠፍህ በፊት ቀደም ብለህ ልቀቀው፤ ይጎትታል። አፍንጫውንም በክንድህ ተጫነው። እኔ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እንዲያ ነበር የምይዘው» አለኝ።

ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ እትዬ። ጉባኤው ፊት እንደ ላም እረኛ ሲያስቅብኝ፣ ያልሁትን ሁሉ በገዛ ክንዱ ያውቀው ነበር። የቀረውን ገንፎ በእጄ አጎረስሁት፣ አፉን ጠረግሁለት፣ ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ተቀመጥሁ። ላቅፈው ይሁን ልመታው እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከእንግዲህ ለምን አልከለከልኸውም ብለሽ አትጻፊልኝ። ከቻልሽ ነይና ከእኛ ጋር ተቀመጪ፤ ካልቻልሽ ለእሱ ጻፊለት፣ ስለ እግሩ ግን አትጠይቂው።

ኬንጂን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ እጅ እነሣለሁ፤ እግዜር ሳሉን ያቅልልላቸው። ሀሩካን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎቷ ሱንጉ ፎቶግራፏን ከትራሱ አጠገብ ለጥፎታል። እማ ናፍቃሻለች፤ ይህን ጻፍ አላለችኝም፣ እኔ ነኝ ያየሁባት።

ወንድምሽ ያንግ ጊቦም

ሶጉዊፖ፣ ጄጁ፤ ኅዳር ወር 2018 እ.ኤ.አ.