የሶባው የወይን ቅምሻ

ይድረስ ለእታለም ሉጥፊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። አንቺም ልጆችሽም፣ ያቺ ተራጋጭ ላምሽም ሳትቀር እንዴት ናችሁ? እኔ እዚህ ካርቱም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ያ ክፉ ጉንፋን ከለቀቀኝ ሁለት ወር ሆነው። ይህን ያለ ጸሐፊ የምጽፍልሽ እኔው ነኝ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ፤ ከክፍሉ የሚደርስብኝ አልነበረም።

ጁምዓ ዕለት ማዳም ነዋል ለሽርሽር ስትሄድ ሶባ ወዳለ የወይን እርሻ ይዛኝ ሄደች። ባለ እርሻው ሙሃብ አምስት ዓይነት የወይን ጭማቂ ደርድሮ፣ "ያላ፣ ቅመሱና ፍረዱ!" አለን። ማዳም፣ "የእኔ ወጥ ሠሪ ምላሷ ሚዛን ነው" ብላ ወደ ፊት ገፋችኝ። እኔም ብልጥ ነኝ፤ ሌሎቹ እስኪቀምሱ ጠብቄ፣ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ "ይኮመጥጣል"፣ ከንፈራቸውን ሲልሱ "ማር ነው" አልኩ። አምስቱንም አገኘሁ፤ ሙሃብ አጨበጨበልኝ። ለእኔ ለራሴ ግን ሁሉም ውሃ ውሃ ይል ነበር፤ ሰዎቹ ጭማቂ አያውቁበትም።

የዚህ አገር ጨውም ሰሞኑን ሰንፏል፤ ብዙ ብጨምርም አይሰማም። ማዳም ግን "በዛ" ብላ ሁለቴ ወጥ መለሰችብኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውን ያባረረቻት በሦስተኛው ነው።

አሁን ግን በሶባው ቅምሻ ኮርታብኝ የልጇን የሱላፋን ሰርግ ድግስ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሁለት መቶ እንግዳ የእኛን ወጥ ይበላል። የተማረ ሰው ደግሞ በወረቀት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ድስት ስንት ማንኪያ ጨው፣ ስንት ማንኪያ በርበሬ እንደሚገባ ቶሎ ጽፈሽ ላኪልኝ። "እየቀመስሽ ጨምሪ" ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አላህ በደህና ያገናኘን።

እህትሽ ሐምዲያ