ስለ ምብራት ጋንና ታጥቦ ስለተደፋው ጢስ

ለተከበሩ አቶ ሉልሰገድ፣
የ«ድፍድፍ» ቢራ መጥመቂያና መሸጫ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣
ፒያሳ

የሟች ባለቤቴን ጋን አጠባችሁት።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በመስታወቱ በኩል ለመንገደኛ የሚያብረቀርቁት የብረት በርሜሎችዎ ሁሉ በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቢራ ቤትዎ ጀርባ፣ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቅያስ ላይ የምኖረው ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ኪሮስ ሐድጉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በቃል ያቀረብኩትን አቤቱታ ሠራተኞችዎ «አባባ፣ ግብረ መልስዎን በጣም እናደንቃለን» ብለው፣ አድንቀው ስለተዉት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የተማርኩት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ የተደነቀ ግብረ መልስ የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ስለሆኑ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቢራዎቻችሁ ቅሬታ የለኝም፤ ምስጋና ብቻ ነው ያለኝ። በአብሽ ጠምቃችኋል፣ በቡላ ጠምቃችኋል፣ ከኬክ ቤቶች በተረፈ ደረቅ ዳቦም ጠምቃችኋል። በጥብስ ቅጠል የተጠመቀውን ያቀመሰኝ አስተናጋጅ እንዴት እንዳገኘሁት ሲጠይቀኝ፣ እኔ ደግሞ ሥጋው የት እንዳለ ጠየቅኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ የምሬን ነበር። ሰው ባሻው ነገር ይጥመቅ፣ የወደደ ይጠጣ፤ እኔ ከልካይ አይደለሁም። ውቤ በረሃ ሲደምቅም ሲደበዝዝም ያየሁ ሰው የእናንተ አብሽ አያስደነግጠኝም።

ሁለተኛ፤ ጋኑ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ጠማቂያችሁ ወይዘሪት ሉዋም በሬን አንኳኩታ፣ በዚህ ሰፈር አሮጌ የጠላ ጋን የቀረው እኔ ቤት ብቻ መሆኑን እንደሰማችና ቢራ በሸክላ ውስጥ አቆይታ ለመሞከር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ማን እንደነገራት አላጣሁትም፤ ጎረቤቴ ረይሀና ናት፣ አፏ አያርፍም። እምቢ አልኩ። ሉዋም በሌላ ቀን ተመለሰች። አሁንም እምቢ አልኩ፤ እሷ ግን ጋኑን ትታ ባለቤቴ ምብራት ጠላ እንዴት ትጠምቅ እንደነበር ጠየቀችኝ። ምብራት በአገሯ ቋንቋ «ስዋ» ነበር የምትለው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ እንደሚታጠብ፣ ከዚያ የወይራ ፍልጥ ፍም ላይ ተደርጎ ጋኑ በጢሱ ላይ እንደሚደፋ፣ ሸክላው ያንን ጢስ ጠጥቶ በኋላ ለጠላው እንደሚሰጠው አስረዳኋት። እየደጋገመች መጣች። ምብራት ትቀመጥበት በነበረው ዱካ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ከምብራት ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም ነበርና መጀመሪያ ላይ ተነሺ ልላት ፈልጌ ነበር። በኋላ ተውኩት። በመጨረሻ ከመምጫዋ በፊት ቤቱን መጥረግ ጀምሬ ነበር።

እዚህ ላይ ጋኑ ምን እንደነበር ልንገርዎት፤ ለሠራተኞችዎ ነግሬ ነበር፣ ለእርስዎ ግን ያደረሱልዎት አይመስለኝም።

የአራዳ ጊዮርጊስ የጽዋ ማኅበርተኞች ነበርን። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የኛ ተራ ሊደርስ ሲል ምብራት ጋኑን አጠበች፣ በወይራ አጠነች፣ አፉን በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አሰረችው። ጠላው ግን ሳይጠነሰስ ቀረ፤ ታማ ወደቀች፣ አልተነሳችም። ማኅበሩ ወደ ሌላ ሰው ቤት ዞረ። ለተዝካሯ እንኳን ጋኑን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም፤ የገዛ ተዝካሯ ጠላ በተውሶ እንስራ ተጠመቀ፤ ሴቶቹም ይህ ሰውዬ አበደ ተባባሉ። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ማኅበርተኞቹ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄዱ፤ ጽዋው አሁን ማን ቤት እንደቆመ አላውቅም። ሳይፈርስ በተረፈው የቤት ረድፍ እኔና ረይሀና ብቻ ቀረን። አንዳንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጋኑን አፍ ፈትቼ አፍንጫዬን አስገባ ነበር። የወይራው ሽታ እዚያው ነበረ። በዚህ ቤት ውስጥ የምብራት እጅ መጨረሻ የሠራው ሥራ ያ ጢስ ነው፤ አሁን «ነበር» ማለት ይኖርብኛል።

ረይሀና አንድ ቀን ጋኑን ሳሸት አየችኝና፣ ጋሽ ኪሮስ፣ ጢስ እኮ ራሱ እየጠፋ ነው የሚሄደው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ሰው ይጠጣበት አለችኝ። አስቤ አስቤ ልክ ናት አልኩ። ያልተጠመቀው ይጠመቅ፤ ከእሷ ጢስ አንድ ዋንጫ ልቅመስና ይብቃኝ አልኩ። ለሉዋም ፈቀድኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይታጠብ፤ ንጹሕ ነው፣ ያጠበችው ምብራት ናት። ሉዋም እሺ አለች። እሺታዋን አልጠራጠርም።

ሉዋም ግን ገብስ ልትገዛ ከከተማ ወጣች፤ በዚህ መሃል የድርጅትዎ ትጉሃን ሠራተኞች ጋኑን አገኙት፣ የጭስ ሽታ አገኙበት፣ ቆሻሻ ነው ብለው ደመደሙ፣ የብረት በርሜል በሚጸዳበት ኬሚካልና በፈላ ውሃ ደጋግመው አጠቡት። ለድካማቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ምብራት ከሞተች ወዲህ ከእሷ በቀረው ነገር ላይ እንዲህ በትጋት የሠራ ሰው የለም።

ሦስተኛ፤ ለቢራው ምረቃ ስለ መጠራቴ። በዚያ በእንጨት ሰገነት ባለው አሮጌ ቤታችሁ፣ ከባንኮኒው አጠገብ፣ እኔን በአንድ በኩል ጋኑን በሌላ በኩል አቁማችሁ ፎቶ አነሳችሁን። መድረክ መሪው «የሰፈራችን ቅርስ» ብሎ አስተዋወቀን፤ ማንኛችንን ማለቱ እንደሆነ አላብራራም። ከዚያ ዋንጫዬ መጣ። ያንን ዋንጫ በጋውን ሙሉ ጠብቄዋለሁ። ቀመስኩ። ጢስ ጢስ ይላል፤ የምብራት ጢስ ግን አይደለም፤ የተቃጠለ ገመድ ያስታውሳል። ጠየቅኩ። ያጠበው ልጅ ራሱ በኩራት አስረዳኝ፤ አባባ አይጨነቁ፣ ጋኑን ሙልጭ አድርገን አጽድተነዋል፤ የጢሱን ጣዕም ከውጭ በምናስመጣው ጠብታ ጨምረንበታል አለኝ። ትንሿን ጠርሙስም አሳየኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ጥበብ መረዳት አቅቶኝ ብዙ ቀን ተቸግሬአለሁ። በጋኑ ውስጥ ጢስ ነበረ። አጥባችሁ ደፋችሁት። ከዚያ ጢስ ገዝታችሁ ጨመራችሁበት። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት ስንት ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ ብጠይቅ ድፍረት አይሁንብኝ።

አራተኛ፤ ጠርሙሱ ላይ ስላለው ስምና ሥዕል። ቢራውን «የእማማ ምብራት ጢስ» ብላችሁታል። ለክብሯ ነው ብላችኋል። ሥዕሏ ውስጥ ያለችው ሴት ወፍራም ናት፣ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሙሉ ነው። ምብራት ቀጭን ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ሰው ፊት ጮክ ብላ ስትናገር እንኳን ሰምቼ አላውቅም። አሁን ማታ ማታ የማላውቃቸው ወጣቶች በመስኮቴ ሥር «ምብራት አንድ ጨምር!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀና እላለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው ስላልነበረ ጆሮዬ ገና አልለመደውም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታም አልፈልግም፤ ይቅርታ ብትሉኝ «ምንም አይደለም» ማለት ይኖርብኛል፣ እኔ ደግሞ የማላምንበትን ነገር ተናግሬ አላውቅም። ስሟን ከጠርሙሱ ላይ አንሱልኝ። አብሽ በሉት፣ ቡላ በሉት፣ ከፈለጋችሁ በእኔ ስም ጥሩት። ኪሮስ መራራ ነው ቢባል የሚከራከር የለም።

ጋኑ ወደ ቤቴ ተመልሷል፤ የድርጅትዎ ተለጣፊ ምልክት ሆዱ ላይ አለ። በሳምንቱ የወይራ ፍልጥ ታስሮ ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ያስቀመጠችው ሉዋም እንደሆነች ረይሀና ነገረችኝ፤ ለማንኳኳት አፍራ ተመልሳለች አለችኝ፤ አባባ ከፈቀዱልኝ እኔ ራሴ አጥነዋለሁ ብላለች አለችኝ። ወይራ በየገበያው አለ። የጎደለኝ ወይራ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሉዋም አልመጣችም፤ ዱካው ባዶውን ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለበርሜሎችዎ እንከን የሌለው ንጽሕናን፣ ለሠራተኞችዎ ያልታዘዙትን የማጠብ የማይጓደል ትጋትን እየተመኘሁ፣ ሙዚቃዎ እስኪዘጋ ድረስ ሳይተኛ የሚጠብቅዎ፣ ታዛዥ የጓሮ ጎረቤትዎ፣

ኪሮስ ሐድጉ
አራዳ

ማስታወሻ፦ ለምረቃው መታሰቢያ የላካችሁልኝን ቢራ ደፍቼ፣ ጠርሙሶቹን በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ በራችሁ ላይ ደርድሬላችኋለሁ። ቢያሸቷቸው ምንም የለባቸውም። ምስጋና አያስፈልግም፤ ከእናንተው የተማርኩት ነው። ሥዕሎቹን ከላያቸው ላይ በጥንቃቄ ልጫለሁ፤ የት እንዳስቀመጥኳቸው አትጠይቁኝ።

ወይራውን ግን አልመለስኩም። ዝናብ እንዳይነካው ጣሪያ ሥር አስገብቼዋለሁ። ለወይዘሪት ሉዋም ይነገርልኝ፤ በሬ እስኪመሽ አይዘጋም፣ መጥታ መቀመጥ ትችላለች፤ ስለ ገብስም፣ ስለ ጌሾም፣ ስለ ምብራትም የፈለገችውን ብትጠይቀኝ እመልሳለሁ። ስለ ጋኑ መታጠብ ግን ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ለእርስዎም፣ ለእሷም፣ ለረይሀናም፣ ለማንም ሰው አንድ ቃል አልናገርም።