«ስህተት ተፈጥሯል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3፡30
ክሊኒኩ ዛሬም ደወለ። ውቤ በረሃ ያለው፣ የታካሚ መዝገብ ፕሮግራም የሠራሁለት። ኮምፒውተራቸው «ስህተት ተፈጥሯል» ይላል። በቃ። ኔትወርክ ሲቋረጥም፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሲጨናነቅም፣ ቁጥር ሲሳሳትም ያው ነው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለጊዜው ብዬ። ሁለት ዓመት ሞላው።

9 ሰዓት
ሄጄ መጣሁ። ካርድ ክፍል የሚሠሩት ወ/ሮ አስናቀች ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀራቸው። ዓርብ ዕለት አንዲት እናት ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ጻፉ። «ስህተት» አለ። የተለመደው ነው፣ ገብቷል ብለው አለፉ። አልገባም። ነርሷ መርፌውን ይዛ በአፏ ባትጠይቅ ኖሮ... አልጨርሰውም።
«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉኝ። አይደለም። የኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከሥራ ባልደረባዬ ከሰሚር ጋር ክርክር። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። እሱ፦ ሰርቨሩ የችግሩን መለያ ቁጥር ብቻ ይላክ፣ ካርድ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ይተርጉመው። እኔ፦ ሰርቨሩ ራሱ ሁሉንም ይናገር። ግማሽ ግማሽ ልክ ነን። ተስማማን፦ ሰርቨሩ ምን እንደተፈጠረ በቁጥር፣ መረጃው ገባ ወይስ አልገባም፣ መድገም ይቻላል ወይ፤ እነዚህን ይላክ። አማርኛውን የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ያውጣ። ሰሚር አንድ ነገር ጨመረ፤ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ያኔ ኮምፒውተሩ «አላውቅም» ማለት አለበት፣ ከዚያ ሰርቨሩን መልሶ ይጠይቅ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ቃላቱን ይዤ ወ/ሮ አስናቀች ዘንድ። «ግንኙነት ተቋርጧል» ብዬ ጽፌያለሁ። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»
ሰረዝኩት። «አልተመዘገበም። እንደገና ይጫኑ።» ይህ ገባቸው። «ስህተት» የምትለውም ትውጣ አሉ፣ በታካሚ ፊት የሚቆጣቸው ይመስላቸዋል። ወጣች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲህ ስንሰርዝ፣ ስንስቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 5 ሰዓት
ሙከራ። ወ/ሮ አስናቀች «መዝግብ» የሚለውን ሲጫኑ ኬብሉን ሆን ብዬ ነቀልኩ። «መግባቱ አልታወቀም። አይድገሙት፤ እየተጣራ ነው።» እጃቸውን አንስተው ጠበቁ። መልሼ ሰካሁት። «ተመዝግቧል።» እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ «ቀጣይ» ብለው ተጣሩ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም።

አሮጌው ፕሮግራም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ክሊኒኮች አሉ። አራት ኪሎ ያለው ይቀድማል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እቀይርላቸዋለሁ።